ከ36 ወደ 48፦ ጎልፍ ካርት ቮልት ሲጨመርላት

ከአትላንታ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ፒችትሪ ሲቲ ከመኪናው መንገድ የተለየ ሌላ መንገድ አላት። በዛፎች መሐል እየተጠማዘዘ ሰፈርን ከሰፈር፣ ቤትን ከገበያ የሚያገናኝ፣ ርዝመቱ ከ160 ኪሎ ሜትር የማያንስ የእግረኛ፣ የብስክሌትና የጎልፍ ካርት መንገድ ነው። እዚያ ጎልፍ የማይጫወት ሰውም ጎልፍ ካርት አለው። አስቤዛ ይጫንባታል፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳይቀር እሷን እየነዳ ትምህርት ቤት ይደርሳል። ዘ ቪሌጅስ በምትባለው የፍሎሪዳ የጡረተኞች ከተማም ነገሩ ያው ነው።

ችግሩ ጋሪዋ ለዚህ ኑሮ አለመሠራቷ ነው። ካርት አምራቹ ኢ-ዚ-ጎ በ1954 እ.ኤ.አ. በጆርጂያዋ ኦገስታ ሥራ ሲጀምርም ሆነ ሌላው አምራች ክለብ ካር ኋላ ወደዚያችው ከተማ ሲዛወር፣ የታሰበው ሁለት ሰውና ሁለት የጎልፍ ቦርሳ ሣር ላይ ለማንሸራሸር ነበር። ለዚያ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም ያልራቀ ፍጥነት ይበቃል። አራት ሰው ጭና፣ መብራት ተጨምሮላት ጎዳና ስትወጣ ግን ከኋላዋ ጥሩምባ ይበዛል። ባለቤቷ ቮልቷን ከፍ ስለማድረግ ማሰብ የሚጀምረው ይሄኔ ነው።

መቀመጫዋን ቀና ሲያደርጉት በአብዛኞቹ የቆዩ ካርቶች ውስጥ የሚታየው ስድስት ባትሪ ነው። እያንዳንዱ 6 ቮልት ነው፤ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር በተከታታይ ስለሚታሰር ድምሩ 36 ይመጣል። አንዱ ባትሪ ብቻውን 28 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ስድስቱ አንድ ላይ ከሁለት ጎልማሳ ሰው ክብደት ይበልጣሉ። ወደ 48 የሚያደርሰው የተለመደው መንገድ እነዚህን አውጥቶ በቦታቸው ስድስት ባለ 8 ቮልት ማስገባት ነው። ርዝመትና ወርዳቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ያው ቦታ ይበቃቸዋል። ነገሩ ቀላል የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ይሁንና ቮልትና አምፔር ሥራቸው ይለያያል። ባለ ካርቦኑ የዲሲ ሞተር የመጠምዘዝ ኃይሉን የሚያገኘው ከአምፔር ነው፤ እስከ ምን ድረስ መፍጠን እንደሚችል የሚወስንለት ቮልቱ ነው። ሞተሩ በዞረ ቁጥር እሱ ራሱ በተቃራኒ አቅጣጫ ቮልት ያመነጫል። ፍጥነቱ ሲጨምር ይህ ተቃራኒ ቮልት ወደ ባትሪው ቮልት እየተጠጋ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አምፔር እየቀነሰ ይሄዳል። የቀረው አምፔር ጋሪዋን ባለችበት ፍጥነት ለማስኬድ ብቻ ሲበቃ ከዚያ በላይ አትፈጥንም። 36ቱ 48 ሲሆን ይህ ጣሪያ በአንድ ሦስተኛ ከፍ ይላል፤ በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው ወደ 28 ትጠጋለች።

ስለዚህ ዳገት ያስቸገረው ሰው መጀመሪያ ቮልት ላይ መሮጥ የለበትም ባይ ነኝ። ባትሪዎቹ አርጅተው እንደሆነ ያስመርምር፤ ቀጫጭኖቹን ገመዶች በወፍራም ይቀይር፤ ፋብሪካው የገጠመውን፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረውንና ብዙ ጊዜ ከ300 አምፔር የማያልፈውን ኮንትሮለር 400 ወይም 500 አምፔር በሚችል ይተካው። በዚያው በ36 ቮልት ዳገቱን ይወጣዋል። 48 የሚያስፈልገው ፍጥነት የፈለገ ሰው ነው። ሙቀት ላማረረውም ይረዳል፦ 3600 ዋት ለማውጣት በ36 ቮልት 100 አምፔር ሲያስፈልግ በ48 ቮልት 75 ይበቃል፤ በገመዱ ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይልም በ44 በመቶ ይቀንሳል።

በርቀት በኩል ግን ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነገር ይገጥመዋል። የታወቀው የትሮጃን ባለ 6 ቮልት ባትሪ 225 አምፔር-ሰዓት ይይዛል፤ የዚያው ኩባንያ ባለ 8 ቮልት የሚይዘው 170 ነው። 36 በ225 ሲባዛ 8100 ዋት-ሰዓት፣ 48 በ170 ሲባዛ 8160 ይሆናል። ያው ነው ማለት ይቻላል። በአንድ ዓይነት ሣጥን ውስጥ ያለው እርሳስና አሲድ ስላልጨመረ የተከማቸው ኃይልም አልጨመረም። እንዲያውም በፍጥነት የሚነዳ ሰው ከበፊቱ ቀድሞ ቻርጅ ፍለጋ ይገባል።

ባትሪው ከተቀየረ በኋላ ቮልቱ የሚነካው ዕቃ ሁሉ መታየት አለበት። ኮንትሮለሩ ለ36 ብቻ የተሠራ ከሆነ ሊቃጠል ይችላል። ፔዳል ሲረገጥ «ቀጭ» እያለ ዋናውን ኃይል የሚያገናኘው ሶሌኖይድም የራሱ ጠመዝማዛ ሽቦ አለው፤ ባለ 36ቱ 48 ሲሰጠው እየጋለ ይሄዳል። የ36 ቮልት ቻርጀር አዲሶቹን ባትሪዎች አይሞላም። የባትሪውን መጠን የሚያሳየው ጌጅም ዘወትር ሙሉ ነው እያለ ይዋሻል። መብራቱና ጥሩምባው በ12 ቮልት የሚሠሩ ስለሆኑ ከ48 ወደ 12 የሚያወርድ መቀነሻ ይገጠምላቸዋል። ከባትሪዎቹ ከአንዱ ወይም ከሁለቱ ብቻ መስመር ስቦ መብራት የሚያበራ አለ፤ እነዚያ ከጓደኞቻቸው ቀድመው ያልቃሉ።

አቋራጭ የሚፈልግ ደግሞ አሮጌዎቹን ስድስቱን እንዳሉ ትቶ አንድ የ12 ቮልት ባትሪ ይጨምርባቸዋል። ሒሳቡ ልክ ነው፣ 36 ሲደመር 12 እኩል ነው 48። ግን የደከመን በሬ ከጉልበተኛ ጋር ጠምዶ እርሻ እንደመውጣት ነው። በተከታታይ በታሰሩ ባትሪዎች ውስጥ የሚያልፈው አምፔር ለሁሉም እኩል በመሆኑ አነስተኛ የሚይዘው ቀድሞ ባዶ ይሆናል፤ ሌሎቹ ሳይጠብቁት ሲቀጥሉ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ እስከ መገልበጥ ይደርሳል። አዲስና አሮጌ ባትሪ መቀላቀልም ከዚህ አይሻልም።

የሞተሩ ዓይነት መታወቅ ያለበት ኮንትሮለር ከመገዛቱ በፊት ነው። የገመድ ማሰሪያዎቹ ላይ ኤ1፣ ኤ2፣ ኤስ1፣ ኤስ2 ተጽፎ አራቱም ወፍራም ከሆኑ ሲሪስ የሚባለው ሞተር ነው። ሁለቱ ቀጠን ብለው ኤፍ1 እና ኤፍ2 ከተባሉ መግነጢሳዊ ሜዳ የሚፈጥረው የሽቦ ጥቅሉ ለብቻው ኃይል የሚሰጠው ሞተር ነው። የአንዱ ኮንትሮለር ለሌላው አይሆንም። ሲሪስ ሞተር ሸክም ከሌለበት ልጓም የለውም፤ የኋላ ጎማዎቹን በክሪክ አንስቶ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው የሚረግጥ ሰው ሞተሩ ከልክ በላይ ፈጥኖ ጥቅሉ ከቦታው ሊፈናቀልበት ይችላል። ከዚያ በኋላ ማስጠቅለል ወይም አዲስ መግዛት ነው።

ሥራው ላይ ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል፤ የመፍቻው እጀታ በፕላስቲክ ወይም በቴፕ ይሸፈናል። አርባ ስምንት ቮልት ሰውን መንዘሩ ሳይሆን በሁለት ማሰሪያ መካከል የወደቀ ብረት የሚረጨው ብልጭታና ቃጠሎ ነው የሚያስፈራው። ቻርጅ ላይ የቆየ የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ክፍሉ ንፋስ ይፈልጋል።

አሁን አሁን ብዙው ሰው ወደ ሊቲየም እየዞረ ነው። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴል 3.2 ቮልት ነው፤ አሥራ ስድስቱ ሲታሰሩ 51.2 ይሆናሉ። ክብደቱ ከእርሳሱ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ጋሪዋ ከመቶ ኪሎ በላይ ትቀልላለች። ነገር ግን በውስጡ ያለው ጠባቂ ኤሌክትሮኒክስ ከተወሰነ አምፔር በላይ ሲጠየቅ ኃይሉን ድንገት ይቆርጣል። ባለ 500 አምፔር ኮንትሮለር ገጥሞ 200 አምፔር ብቻ የሚፈቅድ ባትሪ የገዛ ሰው ዳገት መሐል ቆሞ ይቀራል።

ከሁሉም ይልቅ የሚዘነጋው ፍሬኑ ነው። አብዛኞቹ ካርቶች ፍሬን ያላቸው የኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በገመድ የሚጎተት የድራም ፍሬን። ፍጥነት በአንድ ሦስተኛ ሲጨምር ፍሬኑ መምጠጥ ያለበት ጉልበት በ78 በመቶ ያድጋል። በ28 ኪሎ ሜትር የሚያቆምም ጥቂት ነው፤ ትልልቅ ጎማና ፈጣን ሞተር ይከተላሉ። በዚያ ላይ ሕጉም ይመጣል። በፍሎሪዳ በሰዓት ከ20 ማይል፣ ማለትም ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ የምትችል ጋሪ ጎልፍ ካርት መባሏ ይቀራል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ደንብ ደግሞ ከ20 እስከ 25 ማይል የምትሄድ ተሽከርካሪ ከፊትና ከኋላ መብራት፣ የመታጠፊያ ምልክት፣ መስታወት፣ የደህንነት ቀበቶና የሻንሲ ቁጥር ይጠየቅባታል። ብዙዎቹ አዳዲስ ኮንትሮለሮች የፍጥነት ጣሪያን በስልክ ወይም በኮምፒውተር ለማስተካከል ይፈቅዳሉ፤ 48 ያስገባ ሰው ጎዳና ከመውጣቱ በፊት መጀመሪያ የሚያስተካክለው ይህ ቁጥር ቢሆን ይሻላል።