እፎይ የሚያሰኝ እጅ

ኳስ ሜዳ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ወጌሻን ያውቀዋል። ተጫዋች ወድቆ ሣሩ ላይ ሲንከባለል፣ ዳኛው በእጁ ሲጠራ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የሚሮጠው ሰውዬ ነው። ቶሎ ካልደረሰ ተመልካች ይሰድበዋል፤ ቶሎ ከደረሰ ደግሞ ማንም አያመሰግነውም። ዛሬ ፊዚዮቴራፒ የተማረ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። መጠሪያው ግን ያው የገጠሩ ነው፤ ወለምታ ከሚያሸው፣ የወለቀ ትከሻ ከሚመልሰው፣ የተሰበረ እግር በቀርከሃ ከሚጠግነው ሰው የተወረሰ።

«ማሳጅ» የሚለው ቃል ከውጭ መጣ እንጂ ሥራው ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም። ሕፃን ታጥቦ በቅቤ ይታሻል። አያቴ ማታ ማታ እግራቸውን ዘርግተው «ነይ እስቲ ጉልበቴን እሺልኝ» ሲሉ እኛ ልጆቹ አንዳችን በአንዳችን ላይ እያሳበብን እንሸሽ ነበር። የተያዘችው ቅባቱን እሳት ዳር ሞቅ አድርጋ ትጀምራለች። አያቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ምርቃቱን ያወርዱታል፤ እጅ ሲደክም ምርቃቱ ይጨምራል። ብልሃት ነበረች።

በሆቴልና በስፓ የአገልግሎት ዝርዝር ላይ ቀድሞ የሚገኘው «የስዊድን ማሳጅ» ነው። ስሙ የሚያያዘው ከስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ ጋር ሲሆን፣ ሊንግ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1813 በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ማሠልጠኛ ተቋም የመሠረተ ሰው ነው። የእጅ ስልቶቹን ለይቶ ዛሬ በምናውቃቸው የፈረንሳይኛ ስሞች ያደራጀው ግን ሆላንዳዊው ሐኪም ዮሐን ጌኦርግ ሜዝገር (1838–1909) እንደሆነ ይነገራል። ስዊድናውያን ራሳቸው «ክላሲክ ማሳጅ» ይሉታል። የሰው አገር ስም ተሸክሞ የሚዞር ሙያ ነው።

ስልቶቹ አምስት ናቸው። በአማርኛ ስም ላውጣላቸው ብል ከማዕድ ቤት አልርቅም። መጀመሪያ ማሻሸት አለ፤ መዳፍ ረጅሙን ጀርባ ቀስ ብሎ ይወርደዋል። ቀጥሎ ማቡካት፤ ጡንቻ እንደ ሊጥ ይያዛል፣ ይጨመቃል፣ ይለቀቃል። ከዚያ በአውራ ጣት አንድ ቦታ ላይ እየዞሩ መፈተግ፣ በእጅ ጠርዝ መጠብጠብ፣ በመጨረሻም ማንቀጥቀጥ። ጎበዝ አሺ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር አይታወቅም፤ ጀማሪ ሲሆን ግን እጁ በተነሣና በተመለሰ ቁጥር ሰውነት ይደነግጣል።

ለምን ይጥማል? ልጅ ጉልበቱን ሲመታ እናቱ እሽት እሽት አድርጋ እፍ ትላለች፤ ልጁም ዝም ይላል። በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሳይንቲስቶች ለዚህ ማብራሪያ አቀረቡ። የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ለመውጣት በኅብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር ባለ ነገር ያልፋል፤ የመዳሰስ መልእክት አብሮት ሲደርስ በሩ ይጠብበታል። ሐሳቡ በኋላ ብዙ ተሻሽሏል፤ የእናቲቱ እጅ ግን እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

ሌላው ግኝት ይበልጥ ይገርመኛል። ጸጉር ባለበት ቆዳችን ላይ ለዝግተኛ ዳሰሳ ብቻ የተሰጡ የሚመስሉ ቀጫጭን ነርቮች አሉ፤ በሰው ላይ በብዛት ያጠኗቸውም የስዊድን ተመራማሪዎች ናቸው። መልእክታቸው በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ብቻ የሚጓዝ ቀርፋፎች ናቸው። በደንብ የሚነቁት እጅ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ፍጥነት ሲያልፍባቸው ነው፤ ሲፈጥን ዝም ይላሉ። የሚያቀብሉትም ምን እንደነካን ሳይሆን መነካቱ ደስ ማለቱን ነው። ሰው ልጁን ሲያባብል ማንም ሳያስተምረው እጁን የሚያስኬደው በዚሁ ፍጥነት ነው።

በ1986 ደግሞ ቲፋኒ ፊልድና ባልደረቦቿ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላዎችን በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ፣ ለ10 ቀን እያሹና እጅ እግራቸውን እያንቀሳቀሱ ተከታተሉ። የታሹት ካልታሹት 47 በመቶ የበለጠ ክብደት ጨመሩ፤ ከሆስፒታልም ቀድመው ወጡ። ይህን ሳነብ ቅቤ ይዘው ከሕፃን አጠገብ የሚቀመጡት እናቶች ታወሱኝ።

እንዲህ ስል ግን የሚነገርለት ሁሉ እውነት ነው ማለቴ አይደለም። «መርዝ ያስወጣል» የሚለውን ማስታወቂያ እርሱት፤ ያ የኩላሊትና የጉበት ሥራ ነው። «ላክቲክ አሲድ ያጥባል» የሚለውም አይቆምም፤ ከሩጫ በኋላ ሰውነት በአንድ ሰዓት ገደማ ራሱ ያጸዳዋል። የሚታመነው ከዚህ ቀለል ያለ ነው፦ ከከባድ ልምምድ በኋላ የሚመጣውን የጡንቻ ሕመም ያስታግሣል፣ የወገብ ሕመምን ለጊዜው ያቀላል፣ ጭንቀትን ያበርዳል። ለእኔ ይህ ትንሽ አይደለም።

የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። በማሳጅ ስም ሌላ ንግድ የሚያካሂዱ ቤቶች የሙያውን ስም ስላጎደፉት የገባሁት ግራ ቀኝ እያየሁ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የፊት ቀዳዳ ያለው አልጋ፣ ፎጣና የሞቀ ዘይት ነበር። ባለሙያዋ የምታሸውን ቦታ ብቻ እየገለጠች ሌላውን ትሸፍነዋለች፤ ደህና ቤት መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።

«ትከሻዎን ይልቀቁት» አለችኝ።

«ለቅቄዋለሁ።»

ክንዴን አነሣችና ለቀቀችው። እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሁለታችንም ሳቅን። ለስንት ዓመት እንዲህ ጨብጬ እንደኖርኩ እግዜር ይወቀው! ለአእምሮ ይጠቅማል የሚሉት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ሐሳብ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ሲኖር ባለቤቱ አያውቀውም፣ የሌላ ሰው እጅ ያገኘዋል።

የማይታሽ ሰውም አለ። ትኩሳት ያለበት፣ ቁስል ያለበት፣ አንድ እግሩ በድንገት አብጦ የሚያመው ሰው መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ እብጠቱ የደም መርጋት ከሆነ ማሸት የረጋውን ደም ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድም አስቀድሞ ይናገር። ስብራት ደግሞ አይታሽም። ወጌሻን ባከብርም፣ አጥብቀው ያሰሩት ቀርከሃ ደም ከልክሎ የልጅ እጅ እስከማስቆረጥ ማድረሱን የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈውታል።

ከዚህ ውጭ ያለው የምርጫ ጉዳይ ነው። ጠንካራ እጅ የሚወድ አለ፤ ለእኔ ግን የሚያቃስት ሁሉ እየዳነ አይመስለኝም። ባለሙያዋ በየመሃሉ «ይበርታ? ይበቃል?» ትል ነበር፤ መልስ መስጠት ይገባል፣ ይሉኝታ እዚያ አይሠራም።

በመጨረሻ ፎጣውን አለበሰችኝና «ጨርሰናል፤ ራስዎን እንዳያዞርዎት ቀስ ብለው ይነሱ» አለች።

«ገና አሁን አይደል እንዴ የጀመርነው?»

ሰዓቱን አሳየችኝ። አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ሆኖታል።