ጃፓንኛው በጆሮ ገብቶ ከአፍ አልወጣ ላላችሁ

ሰላምታውን አልፋችኋል፣ ዋጋም መጠየቅ አያቅታችሁም። ጃፓናዊው ወሬውን ሲቀጥል ግን ምላሳችሁ ይታሰራል። ነገ ጃፓናዊ አሠሪ ፊት ብትቀርቡስ? “የፈተና ወረቀት አለኝ” እንዳትሉ! የታወቀው የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ማንበብንና ማዳመጥን እንጂ መናገርን አይፈትንም።

የጋይንቷን ቤተ ልሔም እስቲ አስቧት። እዚያ የድጓ ተማሪ የሚያስመሰክረው በድምፁ ነው። ምልክቱን ማወቅ ብቻ አይበቃውም፤ መምህሩ ሲያዜም ሰምቶ ያንኑ ይመልሳል፣ ሲስት ይታረማል፣ እንደገና ይላል። ጃፓንኛም የሚለምደው እንዲሁ ነው። አጭር ንግግር ስልካችሁ ላይ ክፈቱና ተናጋሪውን እግር በእግር እየተከተላችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ በሉት። ጎረቤት ይሳቅ!

አማርኛችሁም ያግዛችኋል። “ኮሂ ኦ ኖሚማሱ” ማለት “ቡና እጠጣለሁ” ነው፤ ግሡ እንደኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ከባዱ ይሄኛው ነው። ጃፓናዊ ሲያወራ ዝም ካላችሁት ያልሰማችሁት ይመስለዋል። እኛ “እህ... እሺ...” እንደምንለው፣ በየመሀሉ “ኤ... ሶ ዴሱ ካ” በሉት። እሱ “ሃይ” ሲላችሁ ደግሞ ተስማማ ብላችሁ አትፈንጥዙ፤ “እየሰማሁ ነው” ማለትም ይሆናል።

ቅዳሜ እንገናኝ ያላችኋት ልጅስ “ዶዮቢ ዋ ቾቶ...” ብላ ካንጠለጠለችው? “ቅዳሜ እንኳ ትንሽ...” ማለቷ ነው፤ አይመቻትም። “ለምን?” እያላችሁ አታፋጧት፤ ሌላ ቀን ጥሯት።