የትራክተር አየር ፊልትሮ መብራት አፈታተሽ

በሌሞ፣ በአንጋጫና በመሳሰሉት የስንዴ ወረዳዎች የበጋ እርሻ አቧራ የትራክተርን አየር ፊልትሮ ቶሎ ይደፍናል። ፊልትሮው ሲደፈን የሞተሩ ምገት ይበረታል፤ ከፊልትሮው ቀጥሎ ያለው ቫኪዩም ስዊችም የዳሽቦርዱን መብራት ያበራል።

1. ሞተሩ እየሠራ የአየር ማስገቢያውን አፍ በጣውላ ቀስ በቀስ ይሸፍኑ። በእጅ ወይም በጨርቅ አይሸፍኑ። መብራቱ ከበራ ደህና ነው፤ ጣውላውን ወዲያው ያንሱ።

2. ካልበራ ሞተሩን ያጥፉና ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ። ስዊቹ ባለ አንድ ሽቦ ከሆነ ሽቦውን ነቅለው ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር ያነካኩ። ከበራ ስዊቹን ይቀይሩ፤ ካልበራ አምፖሉን፣ ፊውዙንና ሽቦውን ይፈትሹ።

3. አዲስ ፊልትሮ ገብቶ፣ ማስገቢያውም ጸድቶ መብራቱ ካልጠፋ ሽቦውን ይንቀሉ። ያን ጊዜ ከጠፋ ችግሩ የስዊቹ ነው፤ ካልጠፋ ሽቦው ተልጦ ብረት ነክቷል።

ማሳሰቢያ፦ መብራቱ አስቸገረ ብለው ሽቦውን አይቁረጡ፤ ያለ ፊልትሮም አይረሱ። አቧራ ሲሊንደርና ፒስተንን ይበላል፤ የስዊች ዋጋ የቆጠበ የሞተር እድሳት ይከፍላል።