ሊዙ ስንት ዓመት ቀረው?

ለንደን ውስጥ ፍላት የገዛ ያገሬ ሰው ቢሮዬ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው የሞርጌጁን ወለድ ወይም የሰርቪስ ቻርጁን ነገር ነው። እኔ ደግሞ አስቀድሜ የምጠይቀው ሊዙ ስንት ዓመት እንደቀረው ነው። “ኧረ ብዙ ነው፣ መቶ ምናምን” ይሉኛል። ሰነዱን ስንገልጥ 83 ወይም 81 ሆኖ እናገኘዋለን።

በእንግሊዝና በዌልስ ፍላት የሚገዛ ሰው በአብዛኛው የሚገዛው ለተወሰነ ዘመን በቤቱ የመጠቀም መብት ነው። ሕንፃውና መሬቱ የፍሪሆልደሩ እንደሆኑ ይቀራሉ፤ ሊዙ ካልተራዘመ ዘመኑ ሲያበቃ ባለቤትነቱ ወደ እሱ ይመለሳል። አገር ቤት የከተማ ቦታ በሊዝ መሰጠት የጀመረው በ1986 ዓ.ም. ስለሆነ 99 ዓመቱ አልቆ ያየ ሰው ገና የለም። ብዙዎቻችን ያንን እርጋታ ይዘን ነው ወደዚህ የተሻገርነው። እዚህ ግን ሊዙ ገና ብዙ አሥርት ዓመታት እየቀሩት ማስከፈል ይጀምራል። ዘመኑ ወደ 70 ዓመት ሲጠጋ ብዙ ባንኮች ለገዢ ለማበደር ያቅማማሉ፤ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ካልመጣ በቀር ቤቱን መሸጥ ይከብዳል።

በተለይ የሚያሳስቡኝ የካውንስል ቤታቸውን በራይት ቱ ባይ የገዙ እናቶችና አባቶች ናቸው። ያንን መብት ለተከራዮች የሰጠው የ1980ው (በፈረንጅ አቆጣጠር፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) የቤቶች ሕግ ሲሆን፣ የፍላቶቹ ሊዝ በደንቡ 125 ዓመት ነው። ብዙዎች ያላስተዋሉት ግን፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ቀድሞ የተሸጠ ፍላት ካለ ካውንስሉ ከዚያ በኋላ የሚሸጣቸውን ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ቀን እንዲያልቁ ማድረግ ይችላል። ያም ማለት በ2004 የገዛ ሰው፣ ጎረቤቱ በ1982 ገዝቶ ከነበረ፣ የደረሰው 125 ዓመት ሳይሆን 103 ዓመት ሊሆን ይችላል።

ልክ እንዲህ ያለ ሊዝ የያዙ አንዲት እናት ቢሮዬ መጥተው ነበር። ሰነዱን በፌስታል ጠቅልለው፣ ከገዙበት ቀን ደረሰኝ ጋር አስረው ነው ያመጡት። ማብቂያው 2107 የሚለውን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው። “ልጄ፣ እኔ እኮ መቶ ሃያ አምስት መስሎኝ ነው የኖርኩት” አሉኝ። “እትዬ፣ የርስዎ የሚያልቀው መጀመሪያ ከገዛው ጎረቤትዎ ጋር እኩል ነው” አልኳቸው። ዝም ብለው ወረቀቱን መልሰው አነበቡት። ከ2107 ላይ 80 ቢቀነስ 2027 ይመጣል። ቶሎ እንዲወስኑ የገፋፋኋቸው ይኼ ቁጥር ነው፤ ለምን 80 እንደሆነ ላስረዳ።

የ1993ቱ ሕግ ለፍላት ባለቤት 90 ዓመት በነባሩ ላይ የማስጨመርና ግራውንድ ረንቱን (ለፍሪሆልደሩ የሚከፈለውን የመሬት ኪራይ) ዜሮ የማድረግ መብት ይሰጠዋል። ለዚህ ለፍሪሆልደሩ ፕሪሚየም ይከፈላል። ከ80 ዓመት በላይ ለሚቀረው ሊዝ የሚከፈለው የሚቀርበት ኪራይና ቤቱን መልሶ የሚረከብበት ጊዜ በመራቁ የሚያጣው ብቻ ነው። 80 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ግን ማሬጅ ቫልዩ የሚባለው ይጨመራል፤ ሊዙ በመራዘሙ የሚገኘው ተጨማሪ ዋጋ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለፍሪሆልደሩ ይሆናል።

በቁጥር እንየው። የካውንስል ፍላት ነው እንበል፤ ግራውንድ ረንቱ በዓመት 10 ፓውንድ፣ የቤቱ ሙሉ ዋጋ 400,000 ፓውንድ። 82 ዓመት ሲቀረው፣ ለፍላት በተለመደው የ5 በመቶ ስሌት፣ ፕሪሚየሙ ወደ 7,500 ፓውንድ ይመጣል። 79 ዓመት ላይ ሲደርስ ደግሞ፣ ገማቾቹ ያልተራዘመው ሊዝ የሙሉውን ዋጋ 92 በመቶ ያወጣል ብለው ቢስማሙ፣ ከ18,000 ፓውንድ ያልፋል። ሦስት ዓመት በመዘግየት ብቻ ከ10,000 ፓውንድ በላይ! የዕድሜያቸውን እኩሌታ በሌሊት ፈረቃ ለሠሩ ሰዎች ይኼ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ እንዲህ በከንቱ ሲሄድ ማየት ያንገበግበኛል።

ፕሪሚየሙ ብቻም አይደለም። የራስ ሶሊሲተርና የራስ ገማች ይከፈላሉ፤ በሕጉ መሠረት የፍሪሆልደሩም ሶሊሲተርና ገማች ምክንያታዊ ወጪ የሚሸፈነው በጠያቂው ነው። ተደማምሮ ጥቂት ሺህ ፓውንድ ይሆናል። ይህን ሽሽት ፍሪሆልደሩ በደብዳቤ የሚልከውን “ርካሽ” ማራዘሚያ የሚቀበሉ አሉ። ያንን ስምምነት ከመፈረም በፊት ስንት ዓመት እንደሚጨምርና ነባሩ ግራውንድ ረንት ለቀረው ዘመን መቀጠል አለመቀጠሉን ማየት ያስፈልጋል፤ ርካሽነቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ያበቃል።

በዚህ ሰሞን በየቀኑ የምጠየቀው “አዲሱን ሕግ ልጠብቅ ወይ?” የሚል ነው። በግንቦት 2024 የጸደቀው ሕግ ማራዘሚያውን 990 ዓመት ያደርገዋል፣ ማሬጅ ቫልዩንም ያስቀራል። ከማራዘም ጋር በተያያዘ እስካሁን ሥራ ላይ የዋለው ግን ለዚሁ ሁለት ዓመት በባለቤትነት መቆየት ግድ የነበረውን መሻሩ ነው፤ እሱም ከጥር 31 ቀን 2025 ጀምሮ። ይህን ስጽፍ የዋጋ አሰላሉን የሚለውጡት ክፍሎች አልተጀመሩም፤ ስሌቱ የሚሠራበትም መቶኛ በመንግሥት ገና አልተወሰነም። ሊዙ 65 የደረሰበትና ቤቱን ለመሸጥ የማያስብ ሰው ቢጠብቅ ይገባኛል። 81 ላይ ያለውን ግን ጠብቅ ብዬ ልመክረው አልደፍርም።

እትዬም ቢሆኑ “ዕቁቤ የሚወጣልኝ በመስከረም ነው” ብለው ነበር። ማራዘሚያው በ1993ቱ ሕግ የሚጠየቅበት የአንቀጽ 42 ማስታወቂያ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ዋጋው የሚሰላው ማስታወቂያው በተሰጠበት ቀን ባለው ዘመን ነው፣ ክፍያው ወራት ቢዘገይም። ፍሪሆልደሩ ከቀረበው ዋጋ 10 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፤ እሱን ልጆቻቸው አዋጡ። ዋናው ገንዘብ በዕቁቡ ደረሰ።

ፍላታቸውን አከራይተው አዲስ አበባ የገቡ ወገኖችም ለዚህ ብለው መመለስ የለባቸውም፤ ከ2014 ወዲህ ማስታወቂያውን ወኪል ሊፈርመው ይችላል። ለተከራያችሁ ግን የሚመጣውን ፖስታ ሁሉ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ንገሩት። ፍሪሆልደሩ መልስ ከሰጠ በኋላ በ6 ወር ውስጥ ካልተስማማችሁና ጉዳዩ ወደ ትሪቡናል ካልቀረበ ጥያቄው እንደተተወ ይቆጠራል፤ የፍሪሆልደሩ ወጪም በእናንተው ላይ ይወድቃል።