መሪው ከልጆቹ አንዱ ነው

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1907 ጄኔራል ሮበርት ቤደን ፖል 20 ያህል ልጆች ይዘው በደቡብ እንግሊዝ ወደምትገኘው ብራውንሲ ደሴት ተሻገሩ። ገሚሶቹ ውድ ትምህርት ቤት የሚማሩ የባለጸጋ ልጆች፣ ገሚሶቹ ከሠራተኛ ቤተሰብ የመጡ ነበሩ። ጄኔራሉ ደባልቀው በአራት ቡድን መደቧቸው፤ ለየቡድኑም ከመካከላቸው መሪ ሾሙ። የስካውት እንቅስቃሴ የተጀመረው እዚያ ነው። ልጅ ኃላፊነት ሲሰጠው ምን ያህል እንደሚጠነክር ቀድመው በደቡብ አፍሪካ አይተው ነበር፤ ማፌኪንግ የተባለችው ከተማ በጦርነት ተከብባ ሳለ ታዳጊዎች በብስክሌት መልእክት ያመላልሱ ነበር።

አንድ የስካውት ቡድን ከስድስት እስከ ስምንት ልጆች ይይዛል። ካምፕ ሲወጡ ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙ፣ ማብሰሉና ዕቃ ማጠቡ በተራ ነው፤ ተራውን የሚያወጣው ደግሞ የ14 ወይም የ15 ዓመቱ መሪ ነው። ሩዙ ቢያር የሚበላው ያው ያረረው ነው። ትልቁ ሰው አደጋ ካላየ በቀር ዳር ቆሞ ያያል። በእኔ እምነት የስካውት ዋናው ጥበብ ይህ ነው፤ ዩኒፎርሙም ምልክቱም ከዚህ በኋላ ይመጣል። ብዙዎቻችን ታዘን ነው ያደግነው፤ እኩዮቻችንን መርተን፣ ተሳስተን፣ እንደገና የመሞከር ዕድል ያገኘን ጥቂቶች ነን።

ሙያውም በእጅ የሚለመድ ነው። ጀማሪ ቀድሞ ከሚማራቸው ቋጠሮዎች አንዱ ሁለት ጫፍ የሚያገናኘው ነው፤ ቀኙን በግራው ላይ አዙሮ ማሳለፍ፣ ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ። ሁለቴም ከአንድ ወገን ከተጀመረ ይንሸራተታል። በትክክል ሲታሰር ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚተኛ ለፋሻ ይመረጣል፤ ቁስለኛውን አይቆረቁርም። ስካውቶች አንገታቸው ላይ የሚያስሩት ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅም ለተሰበረ ክንድ ማንጠልጠያ ይሆናል።

በአገራችንም በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በትምህርት ቤቶች ስካውቶች ነበሩ። ዛሬ አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን ልጆች ደግሞ በሩ ክፍት ነው። ልጅን ለሌላ ሰው አምኖ መስጠት ግን ጥንቃቄ ይሻል። የአሜሪካው የስካውት ማኅበር በልጅነታችን ጾታዊ ጥቃት ደርሶብናል ባሉ ሰዎች ክስ ብዛት እ.ኤ.አ. በ2020 የኪሳራ ጥበቃ ለፍርድ ቤት ጠይቋል፤ የካሳ ጥያቄ ያቀረቡትም ከ80 ሺህ በላይ ናቸው። አሁን ደንቡ በየካምፑ ቢያንስ ሁለት የተመዘገቡ አዋቂ መሪዎች እንዲገኙ፣ ትልቅ ሰውም ለብቻው ከአንድ ልጅ ጋር እንዳይሆን ያዛል። ወላጆች፣ ከማስመዝገባችሁ በፊት ሁለቱ መሪዎች እነማን እንደሆኑ ጠይቁ፤ ስልካቸውን ያዙ፤ የመጀመሪያውን ካምፕ አብራችሁ ውጡ።