ለየቲም ቤተሰብ ግቢ ግሪንሃውስ መሥራት ይበጃልን?

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው፤ ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የኑሮ ውድነት በበረታ ጊዜ ከየቲሞች ማዕድ ቀድሞ የሚጎድለው አትክልት ነው። እናት ያላትን ገንዘብ ለእህልና ለዘይት ታውለዋለች፤ ጎመኑና ካሮቱ ለሌላ ቀን ይቆያሉ። በዚህም ምክንያት በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ የሚኖሩ ለጋሾች፣ «በእናቲቱ ግቢ ግሪንሃውስ ብናሠራ ልጆቿ ዓመቱን ሙሉ አትክልት አያገኙምን?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ኒያው ያማረ ነው። ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰውም ሆነ ወፍ ሲመገብ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ይሁን እንጂ ለየቲም የተሰጠ ገንዘብ አማና ነው። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል አንዓምና በሱረቱል ኢስራእ የየቲም ሀብት ለእርሱ በሚበጅ መንገድ ካልሆነ በቀር እንዳይነካ አጥብቆ ያዛል። ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባን ግሪንሃውስ በጥቅሉ ጥሩ መሆኑን ሳይሆን ለዚያች ቤት የሚበጅ መሆኑን ነው።

አትክልቱን የሚያስቆመው ምንድን ነው?

ላስቲኩ የፀሐይን ብርሃን ያስገባል፤ የሞቀውን አየር ግን ቶሎ እንዳያመልጥ ያግዳል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የብርዱ ወራት ረጅም በመሆናቸው ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። በአገራችን ግን ሁኔታው እንደየቦታው ይለያያል።

አንደኛ፣ ውርጭ። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን በበጋ ወራት ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ቲማቲምንና ቃሪያን ያቃጥላል። ላስቲክ ቤት በዚያ ይረዳል፤ ቢሆንም ማሞቂያ ከሌለው በሌሊት የሚጨምረው ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ጎመንና ካሮት ግን ቀላል ውርጭን ራሳቸው ይቋቋማሉ።

ሁለተኛ፣ የክረምት ዝናብና በረዶ። እንደ ደሴና አዲስ አበባ ባሉ ቦታዎች በሐምሌና በነሐሴ የቲማቲም ቅጠል ውሎ አድሮ እርጥብ ስለሚሆን፣ ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያደርቅ በሽታ ይይዘዋል። ለዚህ ዙሪያው የተዘጋ ቤት አያስፈልግም፤ ጎኑ ክፍት የሆነ የላስቲክ ጣሪያ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ሙቀት። 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ድሬዳዋ ላስቲክ ቤት ተክሉን ይጎዳል። ሙቀቱ በቀን ከ35 ዲግሪ ካለፈ የቲማቲም አበባ ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። በዚያ የሚያስፈልገው ጥላ ነው።

አራተኛ፣ የውሃ እጥረት። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ጎመንንና ቆስጣን በበጋ የሚያስቆማቸው ይህ ነው። ላስቲክ ደግሞ ውሃ አያመነጭም። እንዲያውም ዝናቡን ስለሚከለክል፣ በክረምትም ጭምር በእጅ ማጠጣት ግድ ይሆናል።

ውሃውን ማን ይሸከማል?

እዚህ ላይ ስሌት ያስፈልጋል። አንድ ካሬ ሜትር መደብ በደረቅ ቀን 5 ሊትር ያህል ውሃ ቢፈልግ፣ 12 ካሬ ሜትር ያለው ትንሽ ግሪንሃውስ በቀን 60 ሊትር ይጠጣል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 3 ጊዜ መቅዳት ማለት ነው። ቧንቧው በግቢው ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ውሃው ከቦኖ የሚመጣ ከሆነ ግን፣ እናቲቱ የሰው ልብስ ስታጥብ ስለምትውል ጀሪካኑን የሚያነሳው የቲሙ ልጅ ይሆናል። የልጁን የጥናት ሰዓት የሚወስድ እርዳታ እርዳታ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ስሌት የእድሳት ነው። ፀሐይን እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ የእርሻ ላስቲክ 3 ወይም 4 ዓመት ያገለግላል፤ ተራው ላስቲክ ግን ዓመት ሳይሞላው ሊቀደድ ይችላል። መተኪያው አስቀድሞ ካልታሰበ፣ የለጋሹ ገንዘብ በነፋስ የሚንከራተት ቁራጭ ሆኖ ይቀራል። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ደግሞ አከራዩ ባስለቀቀ ቀን ሁሉም ይቀራል።

በአነስተኛ ወጪ የሚሠራው

ለብዙ ቤተሰቦች በ4 ካሬ ሜትር መደብ መጀመር ይሻላል። ይህ በቀን አንድ ጀሪካን ውሃ ይበቃዋል። መደቡ በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ከተሸፈነ እርጥበቱ ቶሎ አይተንም። ሳሙና ያልነካው የውዱእ ውሃም በሳፋ ተጠራቅሞ ሊጠጣለት ይችላል። ጎመን ከሥር ከሥሩ ቅጠሉ ከተቀጠፈ ለወራት ይሰጣል። መሬት የሌላት እናት አፈርና ፍግ በሞላ ጆንያ ላይ ልትተክል ትችላለች።

ለቤቱ አሸንዳና በርሜል መግዛትም ከላስቲኩ በፊት የሚታሰብ ነው። 20 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ፣ እስከ 200 ሊትር ማለትም አንድ በርሜል ውሃ ይገኛል። በርሜሉ በጋውን ሙሉ አያዘልቅም፤ ዝናብ በሚቆራረጥበት ጊዜ ግን መደቡን ያድናል።

እንግዲህ ግሪንሃውስ እንዲሠራ የምንመክረው ችግሩ ውርጭ ወይም የክረምት ዝናብ ሲሆን፣ ውሃው በግቢው ሲገኝ፣ ይዞታው የቤተሰቡ ሲሆን፣ የሚንከባከበው አዋቂ ሰው ሲኖርና የእድሳት ገንዘብ ሲቀመጥ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ በመደቡ መጀመር ይቅደም። ቤተሰቡ አንድ ወቅት በሚገባ ከያዘው በቀጣዩ ማስፋት ይቻላል።

ለጋሾችንም አንድ ነገር እናሳስባለን። «ለግሪንሃውስ» ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ያለ ሰጪው ፈቃድ ወደ ሌላ ሊዞር አይገባም፤ ስለዚህ «ለዚያ ቤት በሚበጀው ይዋል» ብላችሁ ብትሰጡ ሥራው ይቀላል። ገንዘቡ ዘካ ከሆነ ደግሞ አሰጣጡ የራሱ ሥርዓት ስላለው አስቀድሞ ዑለማዎችን መጠየቅ ተገቢ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ሰደቃችሁን ይቀበላችሁ፤ የየቲሞችን ማዕድ በበረካ ይሙላው፤ እኛንም አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።