ለቶርኖው የሚስማማው ኢንሰርት

ነገሌ ቦረና ላይ የወፍጮ ዘንግ የኩሽኔታ መቀመጫው ሲበላ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ማሠራት ብዙም አያዋጣም። ከነገሌ እስከ ሞያሌ ባሉ ከተሞች ቶርኖ ያለው ሰው ተፈላጊ የሚሆነው ለዚህ ነው። ታዲያ ማሽኑ ኖሮም ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በመቁረጫው ነው።

ካርባይድ ኢንሰርት ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ፣ በብሎን ከመያዣው ጋር የሚታሰር መቁረጫ ነው። የተንግስተን ካርባይድ ዱቄት ከኮባልት ጋር ታምቆ በከፍተኛ ሙቀት ይጋገራል። የጀርመኑ ክሩፕ «ዊዲያ» ብሎ ገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ሃይ ስፒድ የሚባለው የአረብ ብረት መቁረጫ 600 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲለሰልስ ካርባይድ ገና ይቆርጣል። ስለዚህ ለስላሳ ብረት በሃይ ስፒድ በደቂቃ 30 ሜትር ገደማ ከተቆረጠ፣ በካርባይድ 150 ሜትር ይደፈራል። በ50 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ ይህ ከ190 ዙር ወደ 950 ዙር መውጣት ማለት ነው። አሮጌው ቶርኖ እዚያ ደርሶ ካልተንቀጠቀጠ!

ሳጥኑ ላይ «ሲኤንኤምጂ 120408» የሚል ይጻፋል። የመጀመሪያዋ ፊደል ቅርጹን ትናገራለች፣ 80 ዲግሪ ጥግ ያለው ነው። 12 የጎኑ ርዝመት በሚሊ ሜትር፣ 04 ውፍረቱ፣ 08 ደግሞ የጫፉ ክብነት 0.8 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ገዢ ልብ ሊላት የሚገባው ሁለተኛዋን ፊደል ነው። «ኤን» ከሆነች ጎኑ ቀጥ ያለ ነው። ሁለቱም ፊቱ ስለሚሠራ አራት ጥግ ይሰጣል፤ ነጋዴው «ይረክሳል» ቢል አልዋሸም። ግን ብረቱን እየገፋ ስለሚቆርጥ ጉልበት ያለው ሞተርና የማይነቃነቅ ማሽን ይፈልጋል። «ሲሲኤምቲ 060204» ሁለት ጥግ ብቻ ቢኖረውም ጎኑ 7 ዲግሪ የተዘነበለ ስለሆነ ቀለል አድርጎ ይልጣል። ለትንሽና ላረጀ ቶርኖ እኔ የምገዛው ይህንን ነው። የ0.4 ጫፉ ቀጭን ዘንግም አያንቀጠቅጥም። በ0.8 ጫፍ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ልላጥ ማለት ግን ብረቱን ማሸት ነው።

የሳጥኑ ቀለምም ይናገራል፦ ሰማያዊ ለተራ ብረት፣ ቢጫ እንደ ጉድጓድ ፓምፕ ዘንግ ላለ ስቴንለስ፣ ቀይ እንደ ፍሬን ታምቡር ላለ ካስት ብረት። በመያዣው ላይ የተበየደውን የቻይና መቁረጫ የሚገዛ «ዋይቲ15»ን ለብረት፣ «ዋይጂ8»ን ለካስት ይያዝ።

ካርባይድ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው። ክዳኑ በተበሳ ሃይላንድ ውሃ አልፎ አልፎ ጠብ ማድረግ የጋለውን ጫፍ ይሰነጥቀዋል፤ በማያቋርጥ ፍሰት ካልሆነ በደረቁ መቁረጥ ይሻላል። ከዚህ የባሰው መብራት ሲጠፋ ነው። ጫፉ ብረቱ ውስጥ እንደተቀረቀረ ዙሩ ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ ይሸረፋል። ስለዚህ የሞተሩ ድምፅ ሲወርድ ዙሩ ሳይሞት መቁረጫውን መሳብ ነው፤ ካመለጠም ዘንጉን በእጅ ወደ ኋላ ማዞር አይገባም። መብራት በሚያስቸግርበት ሰሞን ሻካራውን ሥራ በሃይ ስፒድ መጨረስ ያዋጣል፤ እሱ ቢሸረፍም በግራይንደር ይሳላል።